በካኪ የተሸፈኑ ሁለት መጻሕፍት

ወደ ድሬዳዋ ስመጣ በሻንጣዬ የያዝኩት መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ ስትሸኘኝ በነጠላ ጠቅልላ የሰጠችኝ ዳዊት። ሁለተኛውን ያገኘሁት እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚሉት ገበያ ነው።

የቤት ቀሚስ ልገዛ ሄጄ ነበር። ሰልባጅ የምትሸጠው ሶማሌ ደንበኛዬ አዲስ ቦንዳ ፈታ ካፖርት በካፖርት ላይ ትከምራለች። ድሬዳዋ ውስጥ ካፖርት ማን እንደሚለብስ እግዜር ይወቅ። ከካፖርቶቹ መሀል አንድ ወፍራም መጽሐፍ ዱብ አለ። አንስታ ሽፋኑን አየችና በሻርፗ ጫፍ አፏን ያዘች።

«አባዮ፣ አንቺ ፈረንጅኛ ታውቂያለሽ። ውሰጂው። እኔ ጋ ካፖርቱንም እሱንም የሚገዛ የለም።»

ሽፋኑ ላይ ደረቱን የገለጠ ጎረምሳ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት አቅፏል። ሴቲቱ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላለች። ከጀርባቸው ሰማያዊ ጉም የዋጠው የድንጋይ ግንብ ይታያል። አፈርኩ። ግን ግንቡንና ጉሙን ደግሜ አየኋቸው። መጽሐፉን በገዛሁት ቀሚስ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እኔ ጉና ተራራ ሥር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እኛ ሀገር ክረምት ሲገባ ጉሙ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይቆማል፤ የረጠበ በርኖስ ሽታ ከቤት አይጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የግቢውን በር ሳታየው ትደርስበታለህ። ድሬዳዋ ከመጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ሰውነቴ ወበቁን አልለመደም። ግንቦት ላይ ጣራው ሲግል፣ የቧንቧው ውኃ የፈላ ይመስል እጅ ሲልጥ፣ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። ያንን መጽሐፍ የከፈትኩት ለፍቅሩ አልነበረም ብል የሚያምነኝ አይኖርም። ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር።

ታሪኩ የስኮትላንድ ነው፤ ዘመኑ የዛሬ ብዙ መቶ ዓመት። ሰዎቹ በጎሳ ተከፋፍለው ከብት ይዘራረፋሉ፣ ደም ይቃባሉ፣ ሲደክማቸው ደግሞ ተባብረው ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ይዋጋሉ። አንዲት ልጅ አይታው ለማታውቀው ሽማግሌ ባላባት ልትዳር በጉዞ ላይ ሳለች፣ የጠላት ጎሳ አለቃ መንገድ ላይ አድፍጦ ይጠልፋትና ወደ ግንቡ ይዟት ይሄዳል። መጀመሪያ ትጠላዋለች። ቀስ በቀስ ትወደዋለች። ከዚያ በኋላ ደንበኛዬ ከቦንዳ የሚወጣውን መጽሐፍ ሁሉ ታስቀምጥልኝ ጀመር፤ ገለጥ ገለጥ ሳደርጋቸው፣ የሚገርመው፣ ብዙዎቹ የዚሁ አገርና የዚሁ ዘመን ታሪክ ነበሩ። የፈረሱ ቀለም ይለያያል እንጂ መንገዳቸው አንድ ነው። ይወስዳታል፣ ትጠላዋለች፣ ትወደዋለች።

ዳዊቴን አቧራ እንዳይጨርሰው በካኪ ወረቀት ሸፍኜዋለሁ። የመጀመሪያውን ልብ ወለድም በተረፈው ካኪ ሸፈንኩት፤ ያንን የተገለጠ ደረት መስኮቴ ላይ አስቀምጬ ጸሎት ላደርስ አልችልማ። ዳዊቴን ሳልደግም ልብ ወለዱን አልከፍትም ነበር። በጾም ጭራሽ አልነካውም። ውፍረታቸውም ቁመታቸውም አንድ ስለነበር የመስኮቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንትያ ይመስላሉ።

የምኖረው ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሾፌር በነበሩ አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሌላው ግን ግቢው ውስጥ የሚሆን ነገር አያመልጠውም። ግቢው መሀል አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። እሑድ የምሠራበት የኢንዱስትሪ ፓርክ ስለሚዘጋ፣ ከቅዳሴ ተመልሰን ከበላን በኋላ ጥላው ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል። እማማ ከትራሳቸው ጋር ይመጣሉ። ከጎናችን ያለውን ክፍል የተከራየችው የመጋላ ሰፈር ልጅ ጫቷን ይዛ ትመጣለች። እኔ ባዶ እጄን እመጣለሁ፤ ለዚህም ነው ጎረቤቴ «መነኩሲት» የምትለኝ።

«መነኩሲት፣ አንድ ነገር አውሪን እንጂ። ዝምታሽ ምርቃናዬን አጠፋው አቦ!»

አንድ እሑድ የስኮትላንዱን ታሪክ የነገርኳቸው ዝም ብላ እንድትተወኝ ነበር። አልተወችኝም። የጎሳው አለቃ ባለ መስመር ሰፊ ጨርቅ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ እንደሚለብስ ስነግራቸው ምንጣፉን በእጇ መታች።

«ሽርጥ ነው በያ! የኔም ባል ሽርጥ ለብሶ ነው የሚውለው። ፈረስ ቀርቶ ባጃጅ ላይ አውጥቶኝ አያውቅም፣ ወላሂ።»

«አንቺን የሚሸከም ፈረስ ከየት ይመጣል?» አሉ እማማ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ የኔ እናት። የባቡር ሚስት ነሽ፤ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ?»

ድሬ እንዲህ ናት፤ አሮጊቷንም «አንቺ» ይላሉ፣ አሮጊቷም አይቀየሙም። እኔ ግን እስከ ዛሬ እማማን «አንቺ» ማለት አልሆነልኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንቱ ያነበብኩትን እሑድ መተረክ ልማድ ሆነ። መጽሐፉን ይዤ አልወጣም። በቃሌ እነግራቸዋለሁ።

አተራረኬ እንደ ሥራዬ ነበር። በፓርኩ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ከባሕር ማዶ የመጡት አለቆች የሚሉትን ለሰፊዎቹ ልጆች፣ ልጆቹ የሚሉትን ለአለቆቹ አደርሳለሁ። ሰውዬው ፊቱ ቀልቶ «እነዚህ ጣት አልፈጠረባቸውም እንዴ?» ሲል፣ እኔ «እባካችሁ ትንሽ ፍጠኑ» እላለሁ። ልጅቷ «ይሄ ደንቆሮ» ስትል፣ «ማሽኑ አስቸግሯት ነው» እላለሁ። ኃጢአት ነው ብዬ አላሰብኩም። ሰው ከሰው እንዳይጋጭ ነው። ስፌቱ ይቀጥላል፣ ማንም አያለቅስም። ታሪኩንም እንዲሁ አለሰለስኩት። ሲሳሳሙ «ግንባሯን ሳማት» አልኩ። መኝታ ቤት ሲገቡ ጎህ ቀደደ።

ጠለፋውንም አለሰለስኩት። ለዚህ ግን ሌላ ምክንያት ነበረኝ።

ክፍሌን የምትጋራኝ አንዲት ልጅ ነበረች። ሃያ ዓመት አልፏታል፤ እኔ በማስተረጉምበት የስፌት መስመር ላይ ኮሌታ ትሰፋለች። አገሯ ከጭሮ በላይ ያለ ደጋ ነው። ከገበያ ስትመለስ አንድ የሰፈሯ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ጠልፎ አጎቱ ቤት አስቀመጣት። ቤተሰቡ ሽማግሌ ልኮ ከአባቷ ጋር ታረቀ። አባቷ እርቁን ተቀበለ፤ እሷን የጠየቃት አልነበረም። አንድ ንጋት ላይ ወደ ድሬዳዋ በሚወርድ የጫት መኪና ተሳፍራ ጠፋች። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልነገረችኝም። ፀጉሯን ስትሠራ ጥቂት፣ ልብስ ስናጥብ ጥቂት እያለች ነው። አባቷ «ወደ ባልሽ እስክትመለሺ ልጄ አይደለሽም» ብሎ ልኮባታል። እናቷን በስልክ የምታገኘው አባቷ ከቤት ሲወጣ ብቻ ነው።

እሷም እሑድ እሑድ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ታዲያ በመጽሐፉ ውስጥ አለቃው የልጅቷን እጅ በገመድ አስሯል፤ ሌሊቱን ሙሉ ጮኻለች፤ ነክሳዋለች፤ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ያንን እሷ ፊት እንዴት ልበለው? «በፈረስ ወሰዳት» ብዬ አለፍኩት። ለእሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ፣ ሰርቪሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ በመስኮት እያየች፦

«እታለም፣ ያቺ ልጅ አለቃውን መውደድ የጀመረችው ከወሰዳት በኋላ ስንተኛው ቀን ላይ ነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ስንት ቀን ቆይታ ነው? ሳምንት? ወር?»

ለምን እንደጠየቀችኝ ገባኝ።

«ልብ ወለድ ነው እኮ፣ የኔ እህት። ሰው ቁጭ ብሎ ያወጣው ነው።»

«ሰው ያላየውን ይጽፋል?» አለች። ከዚያ፣ «እኔ ምናልባት ቸኩዬ ይሆን? ትንሽ ብቆይ ኖሮ…»

አልጨረሰችውም። እናቴ ትዝ አለችኝ። የኛ ቤት ትዳር እንዴት እንደ ተጀመረ በልጅነቴ ስጠይቃት «የድሮ ነገር ነው» ትለኝና እጇ ላይ ያለውን ሥራ ትቀጥል ነበር። አክስቴ ነች በኋላ፣ አድጌ፣ «አባትሽ ጠልፎ እኮ ነው ያመጣት» ያለችኝ። እናቴ ወደደችው ወይስ ለመደችው? እስከ ዛሬ አላውቅም። የእሷንም ያለሰለሰው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ራሷ ናት።

ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ ስልክ ጮኸ፤ እናቷ ነበረች። የጠለፋት ሰው ወገኖች ያለችበትን ከዘመድ ሰምተዋል። ሽማግሌ ይዘው ለቀጣዩ እሑድ እየመጡ ነው። ሰውዬው ተጸጽቷል፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያገባታል፤ አባቷም ይታረቃታል። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ዓርብ ላይ ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣዋ ላይ ስታስቀምጥ አየኋት። አልዘጋችውም።

«ልትሄጂ ነው?»

«አላውቅም። አባቴ ድምፁን ሊያሰማኝ ይችላል።»

እማማን ለምኜ እንዲያነጋግሯት አደረግኩ። እማማም ነገሩን በእሳቸው መንገድ ቆረጡት።

«እሷ ከፈለገች እኔ በር አልዘጋም። ግን ያለ መሐላ ከግቢዬ አትወጣም። መጽሐፍ መትቶ ይማል። ከዚያ ወዲያ ለእግዜር ነው።»

ልጅቷም ተስማማች። ከማለ ትሄዳለች።

እሑድ ሦስት ሰዎች መጡ። ዋናው ሽማግሌ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። የጠላፊው አጎት ብዙ ያወራል። ጠላፊው ራሱ በጣም ወጣት ነው፤ እኔ ሌላ ዓይነት ሰው ጠብቄ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ የት እንደሚዘረጋቸው የጠፋው ይመስል እግሮቹን ሰበሰባቸው። ጎረቤታችን ለክብራቸው ጫቷን ሻርፗ ሥር ደበቀች። እኔ ከቅዳሴ መመለሴ ነበር። ዳዊቴን በቦርሳዬ እንደያዝኩ ሻይ ላፈላ ማድ ቤት ገባሁ።

በማድ ቤቱ ግድግዳ በኩል የአጎትየውን ድምፅ እሰማለሁ።

«ልጅ ናት፣ ደነገጠች፣ ሮጠች። ያለ ነው። የእኔም ሚስት ሮጣ ነበር፤ ዛሬ የቤቱ አዛዥ እሷ ናት።»

«አንተን ማዘዝ ምን ችግር አለው?» አለች ጎረቤታችን፤ ትንሽ ተሳቀ።

ሽማግሌው «እንግዲህ ይማል» ሲሉ ሰማሁ። ብርጭቆዎቹን በሰሐን ደርድሬ ስወጣ ልጁ ተነሥቷል። እማማ አንድ መጽሐፍ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ቀርበውለታል። መጽሐፉን ከመስኮቴ ደፍ ላይ ነው ያነሡት። ቀኝ እጁን ጫነበት።

«ከዛሬ ጀምሮ እጄን ባነሣባት፣ ያለ ፈቃዷ ብነካት፣ ይህ መጽሐፍ ይፍረድብኝ።»

ጎንበስ ብሎ ሳመው።

ካኪው ማዕዘኑ ላይ ተቀዶ ነበር። በተቀደደው በኩል ጥቂት ሰማያዊ ጉም ይታያል።

ሰሐኑን ይዤ ቆምኩ። ቀና ስል ልጅቷ እኔን ታያለች። ክፍሌ ውስጥ የምትኖረው እሷ ናት፤ ሁለቱንም መጻሕፍት ታውቃቸዋለች። የተቀደደውን ማዕዘን እኔ ካየሁት እሷም አይታዋለች። ፊቷ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ታየኛለች፣ በቃ።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሁሉ ብጽፍ ደስ አይልም። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። በዚህ ግቢ ስሜ «መነኩሲት» ነው፤ በቀልድም ቢሆን ስም ነው። ቀጥሎ ስለ እማማ አሰብኩ፣ በሰው ፊት ስለሚዋረዱት። ከዚያ ለራሴ ማስተርጎም ጀመርኩ። ልጁ ከልቡ ከሆነ መጽሐፉ የትኛውም ቢሆን ምን ለውጥ አለው? ከልቡ ካልሆነስ ዳዊቱ ምን ያደርግለታል? ነገሩ በሰላም አልቋል፣ ሻዩ ይቀርባል፣ ማንም አያለቅስም።

ልጅቷ አሁንም ታየኛለች።

«እማማ፣» አልኩ፣ «ያ ዳዊት አይደለም።»

«ምን አልሽ?»

«ዳዊቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ያ… የፈረንጅ ታሪክ ነው። እሑድ እሑድ የምነግራችሁ።»

ጎረቤታችን አፏን በሁለት እጇ አፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው መጽሐፉን ከእማማ እጅ ተቀብለው ካኪውን በቀስታ ገፈፉት። የተገለጠው ደረት፣ ፈረሱ፣ አንገቷን የጣለችው ሴት ፀሐይ ላይ ወጡ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ኒሙ ዛፍ አነሡ።

«ኧረ ጉድ!» አሉ እማማ። «በመስኮትሽ ባለፍኩ ቁጥር እኮ ተሳልሜዋለሁ! ጠዋት ጠዋት!» ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ።

«በእናንተ ቤት መሐላ እንዲህ ነው?» ብሎ አጎትየው ተነሣ። «አውቃችሁ ነው! ልታላግጡብን ነው የጠራችሁን!»

«ማን ጠራህ?» አለች ጎረቤታችን። «በራስህ እግር ነው የመጣኸው፣ አቦ።»

ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ትክክለኛውን አምጪ። ይደግመዋል። ይህን ያህል የሚያጣላ ነገር የለውም።»

ቦርሳዬን ከፍቼ ዳዊቴን አወጣሁና ለእማማ ሰጠኋቸው። ልጁ እጁን እንደገና ዘረጋ።

«ቆይ» አለች ልጅቷ።

ከተቀመጠችበት ተነሥታ ልብ ወለዱን ከሽማግሌው ጭን ላይ አነሣችው። ሽፋኑን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ካኪውን አውልቃ አታውቅም። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ፀጉሯ እንኳ አልተበተነም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እታለም፣ ይቺ ስትወሰድ ምን ሆነች? ያልነገርሽን ነገር አለ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ ብዙ አስተርጉሜያለሁ፤ የሰሙትን ቃል በቃል መናገር እንዲህ እንደሚከብድ ግን አላውቅም ነበር።

«እጇን በገመድ አስሯት ነበር» አልኩ። «ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ሌሊቱን ሙሉ ጮኻለች። እሱ በሩ ሥር ሆኖ ይሰማ ነበር። አልነገርኳችሁም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ያወቀችውን የነገርኳት ያህል። ከዚያ እጁን እንደዘረጋ የቆመውን ልጅ ቀና ብላ አየችው። ከመጡ ጀምሮ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«አንተ ስጮህ ሰምተህ ነበር?»

«ይህ አሁን ምን ያደርጋል?» አለ አጎቱ።

«እሱን ነው የጠየቅኩት።»

ልጁ ዳዊቱን አየ፣ ጫማውን አየ። እጁን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሰበሰበ።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«እንግዲያው አልሄድም» አለች።

ጮክ ብላ አልተናገረችም። አጎትየው ብዙ ተናገረ፤ አባቷ እንደ ሞተች ይቆጥራታል አለ፣ ከተማ በልቷታል አለ፣ ወደ እኔም ዞሮ የማልደግመውን ተናገረ። ሽማግሌው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ልጁን በክንዱ ይዘው ወደ በሩ ሲመሩት እንደ ታማሚ ነበር የያዙት። ሻዩ ሳይነካ ቀዘቀዘ፤ ድሬዳዋ ላይ ቀዘቀዘ ከተባለ።

ሲመሽ ክፍላችን ውስጥ ልብሷን ከሻንጣው እያወጣች ሚስማሩ ላይ ትሰቅላለች።

«መጽሐፉ ሌላ እንደነበር አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

አንድ ቀሚስ አራገፈች። «ዕጣ ጥዬ ነበር። አንቺ ዝም ካልሽ፣ እግዜርም ሂጂ ብሏል ማለት ነው፣ እሄዳለሁ አልኩ። ከተናገርሽ ደግሞ እንደገና አስባለሁ።» ቀሚሱን ሰቀለችው። «ትናገራለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንደምታስተረጉሚ አውቃለሁ።»

ይህን ያለችው ልትወቅሰኝ አልነበረም። ለዚህ ይመስለኛል እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። እኔ ለስሜ ስፈራ፣ ሰሐን ይዤ ከራሴ ጋር ስከራከር፣ ለካ የሰው ዕድሜ ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጽሐፉን፣ ካኪውን፣ እማማ መሳለማቸውን። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ታሪኩ እንዴት አለቀ?» ብለው ነው።

«ገና አልጨረስኩትም፣ አባ።»

«እንግዲያው አትጨርሽው» አሉና ስግደት አዘዙኝ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የነበረ መሰለኝ፤ ጨለማ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

እማማ ለጥቂት ጊዜ አላናገሩኝም። በመስኮቴ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። በኋላ አንድ ጠዋት ቆም ብለው፣ «የትኛው ነው አሁን ያለው?» አሉኝ። ዳዊቱ መሆኑን ስነግራቸው ገልጬ እንዳሳያቸው አዘዙኝና ስመ እግዚአብሔር የተጻፈበትን ቀይ ቀለም በደህናው ዓይናቸው ካዩ በኋላ ተሳለሙት። ሌሎቹን ልብ ወለዶች ለደንበኛዬ መልሼላታለሁ። የመጀመሪያው ግን እኔ ጋ ነው፣ ሽፋኑ እንደተገለጠ። ልጅቷ ናት አትመልሽው ያለችኝ።

አባቷ ስልክ አያነሣም። እናቷም አሁን የምትደውለው አልፎ አልፎ ነው፤ ስትደውል ድምፅዋ ከበፊቱ ያነሰ ነው። አንዳንዴ ልጅቷ ኮሌታ እየሰፋች እጇ ይቆምና፣ ማሽኑ ባዶውን ሲጮህ አያታለሁ። ባትሄድ ተሻለ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር አዎን እላለሁ። ግን «አዎን» ስል ደረቴ ውስጥ የሚላላ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ብዙ እሑዶች ማንም ታሪክ አልጠየቀኝም። ምንጣፉ ይነጠፋል፤ ስለ ኑሮ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሙቀት ይወራል፤ ይነሣል። ባለፈው እሑድ ግን ጎረቤታችን ቅጠሏን እየቀነጠበች፣ «አቦ፣ ያ ባለ ሽርጥ ሰውዬ ቀረ በቃ?» አለች። እኔ አቀረቀርኩ። እማማም አቀረቀሩ።

ልጅቷ ከምንጣፉ ጫፍ ተነሥታ መሀል ላይ፣ እኔ እቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«የኔን ልንገራችሁ» አለች።

ከገበያው ጀመረች። ዝናብ ዘንቦ አባርቶ ነበር አለች፤ ጉም ነበር። የተቀደደውን ፌስታል፣ የተበተነውን ምስር፣ የያዟትን እጆች በየተራ ነገረችን። ጎረቤታችን ጫቷን ከአፏ አወጣች። እማማ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ በልማድ፣ እዚህ ጋ እኔ ብሆን አልፈው ነበር፣ እዚህ ጋ እቆርጠው ነበር እያልኩ ጠበቅኩ። እሷ ግን አንድም አልዘለለችም። ፀሐይዋ ከኒሙ አልፋ ምንጣፉ ላይ ወጣችብን፤ ማናችንም ወደ ጥላው አልተጠጋንም።